ካርባይድ አይታጠፍም

ፎርማኑ የመጀመሪያውን ጥፊ ሲያሳርፍባት ቆራጯ ሕመሙ ቶሎ አልተሰማትም። የሰማችው መነጽሯ ተፈናጥሮ ከወረቀት ቁልል ሥር ሲገባ ነው። በተለጣፊ ማተሚያ ቤቱ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ስድብ ጠግባለች። ፎርማኑ በሌለበት «ክብሪት» የሚሉት፣ ገና ሳይጭሩት የሚነድ ሰው ነው። እጁ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ጠረጴዛ ከመደብደብ አልፎ አያውቅም ነበር።

ነገሩ የመጣው በምላጭ ነው። እሷ የምትሠራበት ማሽን እንደ አልጋ የተንጣለለ ጠረጴዛ አለው፤ በላዩ ላይ ምላጭ የነከሰች ትንሽ ጋሪ ወዲያና ወዲህ ትሮጣለች። ሥራው የላዩን ተለጣፊ ቆርጦ የሥሩን ወረቀት ሳይነኩ ማለፍ ነው። ምላጩ ፀጉር ታህል ከጠለቀ ወረቀቱ ይበሳል፤ ፀጉር ታህል ከሳሳ ተለጣፊው አልላቀቅም ይላል። ለዚህ የሚሆነው ከካርባይድ የተሠራ ምላጭ ነው፤ ጠንካራ፣ ስለቱ ቶሎ የማይሞት።

መለዋወጫው ሲያልቅ ክብሪት ከወዳጁ ሱቅ አንድ ፓኬት አመጣ። ቆራጯ አንዷን ለግማሽ ቀን ሠርታባት በማጉያ መስታወት ብታያት ጫፏ እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ብሏል። ይሄ ካርባይድ አይደለም ብትለው ምላጭ ምላጭ ነው፣ ሰበብ አታብዢ አላት። ስለቱ ሲደንዝበት ጊዜ እሷ ምሳ በወጣችበት ጥልቀቱን እሱ ራሱ ጨመረው። የመድኃኒት ጠርሙስ ተለጣፊ ነበር፤ ጭነቱ በሙሉ ከነወረቀቱ ተቦጫጭቆ ከደንበኛው ተመለሰ።

በማግሥቱ ጠዋት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሁለቱንም ማሽኑ ጋ አቁሞ ማን እንዳበላሸው ጠየቀ። ክብሪት ዓይኑን በጨው አጥቦ እሷ ናት አለ። ቆራጯ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ከፓኬቱ አንድ ምላጭ አወጣች፣ በሁለት ፒንሳ ግራና ቀኝ ያዘችና አጎበጠችው።

«ካርባይድ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም» አለች። «ይኸው፣ ይዩት።»

ባለቤቱ የጎበጠውን ምላጭ ኪሱ ከተተ፤ ፎርማኑን ከሰዓት ቢሮ እንዲመጣ አዝዞ ወጣ። ጥፊው የመጣው በሩ እንደተዘጋ ነው።

በአንዱ አልበቃውም። ፀጉሯን በጁ ጠቅልሎ ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። የአፍንጫዋ ደም ነጩ ተለጣፊ ላይ ተረጨ። ልትቧጥጠው እጇን ብትሰድም አልደረሰችበትም፤ ደገማት፣ ጥርሷ ከንፈሯን በሳው።

ታናሽ ወንድሟ በሚቀጥለው ክፍል አታሚ ነው። ግርግሩን ሰምቶ ሲገባ ያየው የእህቱን ደም ነው። አንድ ቃል ሳይናገር የብረት መፍቻ አንስቶ ፎርማኑን ትከሻው ላይ ሲያቀምሰው አጥንቱ ሲንቋቋ ተሰማ። ክብሪት እሷን ለቆ ከቀበቶው የካርቶን መክፈቻ ቢላዋ መዘዘና የወንድሟን ግራ እጅ ከክርን እስከ አንጓ ተረተረው። ወንድሟም በግንባሩ አፍንጫውን አገኘው፤ ቢላዋው ወደቀ፣ ሁለቱም ተናንቀው ጠረጴዛው ላይ ተዘረሩ።

ሲወድቁ የአንዳቸው ክርን የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነ። ሰው ሲጠጋ ማሽኑን የሚያቆመውን የኤሌክትሪክ ዓይን ደግሞ ክብሪት ራሱ፣ ሥራ ያዘገያል ብሎ፣ ከወር በፊት በፕላስተር አሽጎታል። ጋሪዋ እያፏጨች ተነሣች። የነከሰችው እውነተኛ ካርባይድ ነው፤ ቆራጯ ለክፉ ቀን ደብቃ ያቆየችውን የመጨረሻውን በማለዳ አስገብታዋለች።

ወንድሟ የፎርማኑን ቀኝ ክንድ በጉልበቱ ጠረጴዛው ላይ ቸንክሮታል፤ መዳፉ ተዘርግቷል፣ ጋሪዋ የምትመጣውም ወደዚያው ነው። ቀዩ ማቆሚያ ከቆራጯ አንድ እርምጃ አይርቅም። ሄዳ መዳፏን አሳረፈችበት። ክብሪት ከወደቀበት ፊቷን እንጂ መዳፏን አላየም።

«እህቴ፣ አቁሚው» አላት። በአሥራ አንድ ዓመት እህቴ ብሏት አያውቅም።

አላቆመችውም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስኪባል ድረስ ዝም ብላ አየች። ምላጩ ከአንጓው ገብቶ እስከ ትንሿ ጣት ሥር ሄደ። ቁልፉን የተጫነችው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የሁለቱንም ቁስል ያሠረችው እሷው ናት፤ የወንድሟን በሻርፗ፣ የፎርማኑን በሸሚዙ እጅጌ። ሐኪሙ የክብሪትን ጅማት ሰፍቶ ሁለት ጣቶቹ ግን ከእንግዲህ እንደማይታዘዙት ነገረው። በመሥሪያ ቤቱ ወሬው አንድ ነበር፦ እሷ ባትደርስለት እጁ ይቀር ነበር።

በሳምንቱ የፎርማኑ ሚስት ቤቷ ድረስ መጣች። አልቀመጥም ብላ ቆማ፣ እጁን ያተረፍሽለት አንቺ ነሽ አሉኝ፣ ላመሰግንሽ ነው አለቻት።

«ቀድሜ ላቆመው እችል ነበር፣ እትዬ» አለች ቆራጯ። «እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። እያየሁ ተውኩት።»

ሴትየዋ ጠጋ አለቻት። ከዚያ በጥፊ መታቻት፤ መጠገግ የጀመረው ከንፈሯ እንደገና ደማ። ቆራጯ ለመከላከል እጇን አላነሣችም። ሴትየዋ ያኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የገዛ መዳፏን አየች፣ ውሃ ለመነች፣ ግማሹን ጠጣች።

«ለሱ እኔ አልነግረውም» አለች ስትወጣ። «ለሕግ ግን አንቺው ንገሪ።»

ወንድሟ ልትናገር መሆኑን ሲሰማ አበደ፤ ላንቺ ስል ክንዴ ተተርትሮ አንቺ ለሱ ስትይ ራስሽን ልታስይዢ ነው ወይ ብሎ በሩን ጠርቅሞባት ወጣ። እሷ ግን በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መርማሪው ማንም ያየሽ ሳይኖር ለምን ትናገሪያለሽ ሲላት፣ ሰው ሁሉ እያመሰገነኝ ነው፣ አልቻልኩትም አለችው።

ክብሪት በድብደባውና በቢላዋው ታሠረ። እሷም ወንድሟም በገደብ ተለቀቁ። ባለቤቱ ተመለሽ ቢላት እሺ አላለችም፤ ሌላ ሰፈር የቆዳ ቦርሳ በእጅ የሚቆርጡበት ቤት ገባች። ወንድሟ ሁለት ወር አኮረፋት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከቦርሳ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ የክንዱን ጠባሳ እያከከ፣ በልተሻል ወይ አላት። አልበላሁም አለችው፤ አብረው ሄዱ።