ዲቦራን ሳያማክሩ የታቀደ ጉዞ

ብሩክ የጉዞውን ነገር ያነሳው ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ እራት ላይ፣ ልጆቹ ፊት ነበር። ዲቦራን መጀመሪያ ያናደዳትም ይኸው ነው። ለብቻዋ ቢነግራት አይሆንም እንደምትለው ያውቃል። ስለዚህ የጎረሰውን ዋጥ አደረገና ወደ ትልቋ ልጁ ዞሮ፣ «ህሊና፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የት እንደምንሄድ ታውቂያለሽ? ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለን ልናድር ነው። ጎሽ እናያለን፣ አጋዘን እናያለን» አላት።

ስድስት ዓመቷ ህሊና ከወንበሯ ወርዳ መዝለል ጀመረች። ገና ሦስት የሞላት ትሁትም፣ ድንኳን ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ እህቷን እያየች ዘለለች። ዲቦራ ባሏን አየችው። እሱ ወጡን እያየ ነበር።

«የት ነው ጫካው?» አለችው።

«ታች ነው። ከበበቃ አልፎ፣ በዲማ መንገድ።»

«ቆላ?»

«ቆላ ነው እንግዲህ። እንስሳው ያለው እዚያ ነው።»

ልጆቹ እጃቸውን ሊታጠቡ እስኪወጡ ጠበቀች። ባለፈው ክረምት መውጫ ትሁትን ወባ ይዟት ነበር። ትኩሳቷ ወጥቶ ዓይኗ ሲገለበጥና እጅ እግሯ ሲንዘፈዘፍ፣ ዲቦራ በባዶ እግሯ ወጥታ ባጃጅ አስቁማ ነው ሆስፒታል ያደረሰቻት። ሆስፒታሉ ሩቅ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አትፈልግም። ብሩክ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ያን ቀን መስክ ወጥቶ ነበር። ነገሩን የሰማው ልጅቷ ተሽሏት፣ አልጋ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ስትበላ ነው። ለዚህ ይሆናል እንዲህ የሚቀልለው።

«ልጅቷን ረሳሃት?» አለችው።

«አልረሳኋትም። አጎበር እንይዛለን፣ መድኃኒት እንይዛለን።»

«ቢብስባትስ? ጤና ጣቢያው የት ነው? ውኃስ ከየት ነው የሚጠጡት? በዚያ ሙቀት መንገድ ላይ ስታስመልስ ማን ነው የሚይዛት?»

«እሱን አንቺ ታውቂበታለሽ» አላት፤ እንደሚያመሰግናት ሁሉ ፈገግ ብሎ።

ዲቦራ ይህችን አነጋገር አትወዳትም። ከተጋቡ ጀምሮ ብሩክ እጁን ሊያስገባበት ያልፈለገው ነገር ሁሉ በዚህች ቃል ተጠቅልሎ እሷ ላይ ሲወድቅ ኖሯል። የሕፃናቱ ክትባት፣ የሠራተኛዋ ጠብ፣ የእናቱ የደም ግፊት ኪኒን፤ ሁሉንም እሷ ታውቅበታለች። ሳህኑን አንስታ ወጣች። መልስ ብትሰጥ ኖሮ ልጆቹ የሚሰሙት ነገር ይወጣት ነበር።

በማግሥቱ ህሊና ለክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ተናግራ መጣች። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አራግፋ ካልሲ፣ የተሰበረ ባትሪና የአሻንጉሊት ማንኪያ ከተተችበት። ዲቦራ ይህን ስታይ ሆዷ ባባ። እሷም ብትሆን እዚሁ ሚዛን ተፈሪ ተወልዳ አድጋ፣ እዚሁ ባዮሎጂ እያስተማረች፣ ልጆቿን ይዛ ከከተማ ወጥታ አታውቅም። ሰሚስተሩ ባለቀ ቁጥር እረፍቷን የምትጨርሰው የፈተና ወረቀት ስታርም ነው። እሺ፣ ካልቀረ በደንብ ይሁን አለች፤ ንዴቷን ሳትለቅ ሥራውን ያዘችው።

ትሁትን መኪና ታስለምዳት ዘንድ አንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ይዛ በሚኒባስ ወደ ሸዋ ቤንች ወጣች። ገና ዳገቱ ሳያልቅ ትሁት አጠገባቸው በተቀመጡ ሰውዬ ነጭ ጋቢ ላይ የበላችውን ሁሉ መለሰችው። ሰውዬው ጋቢያቸውን አጥፈው በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ዲቦራ ይቅርታ እየጠየቀች፣ እየጠረገች፣ በልቧ ብሩክን ትሰድብ ነበር። ሲመለሱ ነገረችው። ሳቀ።

ድንኳኑንም ግቢው ውስጥ አስተክላ ልጆቹን በቀን አስተኛችበት። ትሁት ሽንቷ ሲመጣ ሜዳ ላይ አልቀመጥም ብላ አለቀሰች፤ ፖፖዋ ካልመጣ አይሆንም። ስለዚህ ፖፖው ከሚጫነው ዕቃ ጋር ተቀመጠ። ዲቦራ ውኃ አፍልታ በየጀሪካኑ ሞላች፤ የትኩሳት መለኪያ፣ ሽሮፕ፣ በውኃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ ዱቄት፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ አዘጋጀች። ብሩክ በበኩሉ ከመሥሪያ ቤት ጓደኛው አቅራቢ መነጽር ተውሶ መጣ። ያ ነበር የእሱ ዝግጅት። ጀሪካኖቹን አይቶ፣ «አበዛሽው፤ አገር ልንለቅ ነው እንዴ?» አላት።

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ አንዲት የቀጠነች ነገር ነበረች። ያኔ ግን ልብ አላለቻትም።

የሚሄዱበት መኪና የሻሚል ነው። ሻሚል ከጅማ በኩል መጥቶ ሚዛን የከረመ፣ አሮጌ ላንድክሩዘሩን እያከራየ የሚኖር፣ የብሩክ የልብ ጓደኛ ነው። ሚስቱ ሁስና ገበያው አጠገብ የቤት ዕቃ ሱቅ አላት። እረፍቱ ሊገባ ሲል ዲቦራ መኪናውን በዓይኗ ልታይ ሄደች። ትርፍ ጎማው የሚሠራ መሆኑን ጠየቀች። ክሪኩን አውጥቶ አሳያት። ለትሁት ሲባል በየመሀሉ መቆም ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው።

«ባልሽበት አቆማለሁ፣ ቲቸር» አላት። «ልጅ ይዞ መጣደፍ ጥሩ አይደለም። ግን አንድ ነገር፤ አልጋውንና ቁም ሳጥኑን በዚህኛው ጉዞ አልችልም። ለብሩክም ነግሬዋለሁ። እሱን ለብቻው በአይሱዙ ብታወርዱት ይሻላችኋል።»

«የምን አልጋ?»

ሁስና ሱቋ ውስጥ ባልዲ ትደረድር ነበር። እጇ ቆመ። ሻሚል ሚስቱን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«የምን አልጋ ነው ሻሚል?»

«ቲቸር፣ አታውቂም እንዴ?»

«ንገራት በቃ» አለች ሁስና ከውስጥ። «ጀምረኸው የለ።»

ነገራት። ብሩክ እዚያ ታች አዲስ በተከፈተ የሰሊጥ እርሻ ላይ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተቀጥሯል። ከፋሲካ በኋላ ይጀምራል። ቤትም ተሰጥቶታል፤ ጉዞው ዲቦራና ልጆቹ ቤቱን እንዲያዩት ነው። ሻሚል ይህን ሲናገር እያንዳንዱን ቃል ከጥርሱ እየነቀለ የሚያወጣ ይመስል ነበር። ዲቦራ አመሰገነችው። ለምን እንዳመሰገነችው ኋላም አልገባትም።

ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። የባጃጅ ሹፌር ግቢ ግቢ እያለ ሲያልፋት አልሰማችም። ቆላ መውረዱ አይደለም እንዲህ ያቃጠላት። ቢጠይቃት ምናልባት ታስብበት ነበር፤ ምናልባት ተጣልተው፣ ተኮራርፈው፣ የሆነ ነገር ላይ ይደርሱ ነበር። እሱ ግን ልጅቷን በጎሽና በአጋዘን አሞኝቶ፣ እሷን ደግሞ በገዛ እጇ ጀሪካን ሲያስሞላት ከርሟል። ሚኒባስ ውስጥ የሰው ጋቢ ስትጠርግ ያውቅ ነበር። ሲስቅም ያውቅ ነበር።

ስትደርስ ብሩክ ግቢው ውስጥ የድንኳን ገመድ ይፈታ ነበር። እናቱ እማማ በየነች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ልጆቹን ይጠብቃሉ።

«ፈርመሃል?» አለችው።

ምኑን ነው ብሎ አልጠየቀም። ገመዱን አስቀመጠ። «ፈርሜያለሁ።»

«መቼ?»

«ከገና በዓል በፊት። ዲቢ፣ ስሚኝ፤ ብነግርሽ እንቢ ነው የምትይው። ቦታውን ብታዪው ትወጂዋለሽ። ልጆቹም ከወደዱት ደግሞ...»

«ልጆቹን ማጥመጃ አደረግሃቸው።»

«እንደሱ አትበይ።»

«ልጄ ወባ ይዟት ስትንዘፈዘፍ ያየኋት እኔ ነኝ። አንተ አላየህም። ያላየኸውን ነገር ይዘህ ነው ቤት የተቀበልከው።»

ብሩክ ድምፁ ከፍ አለ። «አሥር ዓመት እዚህ ቢሮ ተቀምጬ ከእኔ በኋላ የመጣ ሁሉ አለቃዬ ሆነ። አንድ ሰው ጠርቶ እርሻውን ያዝልኝ፣ ሰው አስተዳድር አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ለራሴ እሺ ብል ምን አለበት?»

ይህን ሲል እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። ሲመሽ እየመጣ ዝም የሚልባቸውን ቀናት ታስታውሳለች። ግን ማወቋ ንዴቷን አላበረደውም፤ እንዲያውም አባሰው፤ ያን ዝምታ ሁሉ እሷ ስታባብል ኖራ ደስታው ሲመጣ ከደጅ ቀረች።

እማማ በየነች ከበረንዳው ላይ፣ «ተይ ልጄ፣ ባልሽ ነው። ለእናንተ ብሎ ነው» አሉ።

ዲቦራ ዞር አለች። «እርስዎም ያውቁ ነበር?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ረጋ ብሎ ይነግራታል ብዬ ነው።»

ሻሚል ያውቃል። ሁስና ታውቃለች። አማቷ ያውቃሉ። ምናልባት ጋቢያቸው የተበላሸው ሰውዬም ያውቁ ይሆናል። ዲቦራ መሳቅ አማራት፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

በዚህ መሀል ህሊና ቦርሳዋን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ጉዞው ቀረ?» አለች።

ብሩክ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ዲቦራ ቀደመችው።

«አልቀረም። እንሄዳለን። ቆላ ግን አይደለም፤ ወደ ላይ ነው፣ በሸኮ ጫካ ወደ ቴፒ፣ ከዚያ ማሻ። እዚያም ድንኳን ይተከላል።»

«ጎሽ አለ?»

«ጎሽ የለም። ጉሬዛ አለ።»

ህሊና ትንሽ አሰበችና እሺ አለች።

ዲቦራ እዚያው ቆማ ለሁስና ደወለችና ብሩክ አብሯቸው እንደማይሄድ ነገረቻት። ከስልኩ ወዲያ ሻሚል ሲንተባተብ ይሰማት ነበር፤ ብሩክ ወንድሜ ነው፣ እንዴት አድርጌ ነው ያለ እሱ ይላል። ሁስና፣ «አንተ አይደለህም እንዴ አፍህን ከፍተህ ይህን ያመጣኸው? በል ነዳጅህን ቅዳ፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ» አለችው። ሥጋቸው ስለማይገናኝ እንቁላል፣ ምስርና ድንች እንዲይዙ ሁለቱ ሴቶች እዚያው በስልክ ተነጋግረው ጨረሱ።

በተነሡበት ጠዋት ብሩክ ዕቃውን ሁሉ ራሱ ጫነ። ጀሪካኖቹን ቀና አድርጎ አሰረ፣ ፖፖውን ከላይ አስቀመጠ። ሻሚል ዓይን ዓይኑን ሊያየው አልቻለም። ሁሉም ሲገባ ብሩክ የመኪናውን በር ይዞ ቀረ።

«እኔስ?» አላት፤ ቀስ ብሎ።

«አንተ ቤትህን ሄደህ እይ። ስትመለስ ትነግረናለህ።»

በሩን ዘጋላት።

ሸኮ ሳይደርሱ ትሁት አስመለሰች፤ ሻሚል ቃሉን ጠብቆ አቆመ፤ ሁስና ልጅቷን ይዛ ፊቷን አጠበቻት። ጫካው ውስጥ መንገዱ ጠቦ ዛፎቹ ከላይ ይገናኙ ነበር፤ ከሥራቸው ቡናው፣ ኮረሪማው እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ነጭ ጭራ ያላቸው ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወሩ ህሊና የእናቷን ጉልበት እየደበደበች አሳየቻት። ዲቦራ አየች። ቆንጆ ነበር። ደስ ሊላት ሲል ግን፣ ይህን ማየት የነበረበት ሰው እዚህ የለም፣ የሌለውም በገዛ ሥራው ነው የሚል ሐሳብ መጣባት። ከመዋሸቱ በላይ ይህን ይቅር አላለችውም። ልጆቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫካ ባዩበት ቀን ግማሽ ልቧን ነጥቋታል።

ድንኳኑን የተከሉት ባለቤቱን አስፈቅደው ከአንድ የቡና ገበሬ ደጅ ነው። ማሻ ላይ ብርድ ነበር፤ ልጆቹ በሁስና ሻርፕ ተጠቅልለው ድንች በሉ። ማንም አልታመመም። መንገድ ላይ ሻሚል አንድ ጊዜ፣ «ሽማግሌ እንላክ እንዴ ቲቸር?» ብሎ ሞክሮ ነበር። «ጠባችን ገና አላለቀም» አለችው።

ሲመለሱ ብሩክም ከቆላ ተመልሷል። ፊቱ ጠቁሮ፣ ክንዱ በቢንቢ ንክሻ አባብጦ ነበር። ልጆቹ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እስኪለቁት ጠበቀና ወደ እሷ መጣ።

«ቤቱ ጥሩ ነው» አላት። «ጤና ጣቢያው ግን ሩቅ ነው። ዝናብ ሲጥል ወንዙ መንገዱን ይቆርጠዋል።» ከዚያም፣ «ዲቢ፣ ትመጪያለሽ?» አላት።

«አሁን ጠየቅኸኝ።»

«አዎ።»

«አልመጣም።»

አልተከራከረም። ከጠየቃት ወዲህ ንዴቷ አልጠፋም፤ ነገር ግን ቃል የሚያሳጣት ዓይነት መሆኑ ቀረ።

ፋሲካን አብረው ፈሰኩ። ከዚያ ብሩክ ብቻውን ወረደ። ደመወዙን ሲቀበል ይመጣል፤ ልጆቹን አጫውቶ፣ ልብሱን አሳጥቦ ይመለሳል። አልታረቁም፣ አልተፋቱምም። አማቷ እማማ በየነች ግን እዚያው ከእሷ ጋር ናቸው፤ ኪኒናቸውንም የምትሰጣቸው እሷው ናት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጎረቤቷ ማናልሞሽ ጠጋ ብላ፣ «ምነው እህቴ፣ ባልሽን ለዚያ ቆላ ሰደድሽው?» አለቻት።

ዲቦራ ቆም አለች። ትሁትን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እሱ ሄደ እንጂ እኔ አልሰደድኩትም» አለች። «ሲፈርም እዚያ አልነበርኩም።»

ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ መንገዷን ቀጠለች።