የሸሪኩ ጢም

ሴትየዋ ስትገባ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ደንበኛ ማጅራት ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አያትና እጁ ባለበት ቆመ። የቀድሞ ሸሪኩ ሚስት ናት። መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዳልተያዩ ሆነው መተላለፍ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል።

«እንደምን አደርክ?» አለች ከበሩ ሳትርቅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ እንጂ።»

«አልቀመጥም። መቼም መታመሙን ሳትሰማ አልቀረህም። ነገ ሆስፒታል ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ቀዶ ጥገና አለው። ጢሙ ፊቱን ወርሶታል። ‹እንዲህ ሆኜ ሐኪም ፊት አልቀርብም፣ እሱ መጥቶ ይላጨኝ› ይላል።»

«በዚህ ሁሉ ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ጠፋ?»

«ሞልቷል። አንዱን ባመጣለት ትራስ ወርውሮ አባረረው።»

መቀሱን አስቀመጠ። «ሌላስ? ሌላ ምን አለ?»

ምን ሊሰማ እንደፈለገ ገብቷታል። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ሌላ ምንም አላለም። ጢሜን ነው ያለው።»

«እስቲ አያለሁ» አላት። እሷም «እስቲ አያለሁ» ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ አይደለችምና ወጣች።

ሁለቱ ሰዎች ድሮ አንድ መስታወት ፊት ጎን ለጎን የሠሩ፣ በአንድ ጸሎት ቤት የሚያመልኩ፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላውን «ይማርህ» የሚሏቸው ዓይነት ነበሩ። ኋላ ሸሪኩ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ቤት ከፈተ። መክፈቱስ ባልከፋ። ለደንበኞቹ ግን «ያ ምስኪን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ጉሮሯችሁን ጠብቁ» እያለ አወራ። ወሬው ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር፤ ግን ጉሮሮውን አስይዞ እውነቱን የሚያጣራ ማን አለ? ደንበኛው እንደ ጉም በነነ። የባሰው ደግሞ ነገሩን ባሰበ ቁጥር እጁ ከንዴት የተነሣ የምር መንቀጥቀጥ መጀመሩ ነው።

አሁንም ጀመረው። የያዘውን ደንበኛ ፀጉር አንዱን ጎን ከልክ በላይ አነሣበት፣ ለማስተካከል ብሎ ሌላውንም አነሣ። ሰውየው መስታወቱን አየና «ወንድሜ፣ ወታደር ቤት ልትልከኝ ነው?» አለው። ይቅርታ ጠይቆ ሸኘው፣ ሱቁን ዘጋ፣ ወደ ጸሎት ቤት ሄደ።

እዚያ ሲጸልይ ጣሪያ ያነቃንቃል የሚባልለት ሰው ነው። ተንበረከከና «ጌታ ሆይ፣ እወድሃለሁ» ብሎ ጀመረ። ቃሉ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረ። ደግሞ ሞከረ። ተነሣና ወንበሮቹን በመስመር ደረደረ። የተደረደሩትን አፈረሰና እንደገና ደረደረ። ሦስት ቀን እጾማለሁ አለ። ግድግዳውን በራሴ ቀለም አስቀባለሁ አለ። የተሳለው ስለት ሁሉ መልካም ነበር፤ አንዱም ግን የተጠየቀው አልነበረም። ይህንን ያውቀዋል፤ ስላወቀውም መቀመጥ አቃተው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ምሳ አቅርባለች።

«ጾም ነኝ» አላት።

«ጠዋት ዳቦ በሻይ በልተህ ወጥተህ?»

«ከአሁን ጀምሮ ነው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሚስቱ እኔ ጋም መጥታ ነበር፤ ሰምቻለሁ። አንተ ሰው፣ ይሄ ጾም አይደለም፣ ሽሽት ነው።»

«ልቤ ሳይወድ ልሂድ? ግብዝ ልሁን?»

«ልብህን ማን ጠየቀህ? ምላጭህን ነው የጠየቁህ።»

ከገበታው ተነሣ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ባለፈው ልጅህ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ‹እማዬ ሞትኩልሽ› ስትል ዋለች። ‹ዝናብ መጣ፣ ልብሱን አስገቢ› ስላት ‹መጣሁ› እንዳለች ቀረች። ልብሱ ረጠበ። አንተ ምን አልካት? ‹እናትሽን መውደድሽ ልብሱ ላይ ቢታይ ይሻል ነበር› ብለህ ሳቅህባት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ አልሳቅሁብህም። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ሂድ።»

የምላጭ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ከሸሪኩ ቤት ጥግ ሲደርስ ተመለሰ። ሳሙና የረሳ መሰለው፤ ቦርሳውን ቢከፍት አለ። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረው። የሚያውቀው ጫማ ሰፊ «ምን ጠፋብህ?» ቢለው «ምንም» አለና ከዚያ ሰውዬ ጥያቄ ለማምለጥ ብቻ በሩን አንኳኳ።

ሸሪኩ መስኮቱ ሥር ተኝቷል። ያ ወንበር የሚጠበው ሰው አልጋው ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ ሆኗል። በጢሙ መሐል ዓይኑ ብቻ የድሮው ነው።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

ሚስትየዋ ሙቅ ውኃና ፎጣ አቀረበች። አንገቱን በፎጣ ጠቀለለ፣ ረጅሙን ጢም በመቀስ አወረደ፣ አረፋውን ቀባ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ሸሪኩ ዓይኑን ጨፍኖ፣

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለ።

ሚስትየዋ በር ላይ ደርቃ ቀረች። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከጉሮሮው አነሣ። ምላጩን ውኃው ውስጥ ጥሎ መሄድ ይችላል፤ ማንም አይፈርድበትም።

«አዎ» አለ። «ያኔ ግን አይንቀጠቀጥም ነበር። አንተ ነህ ያስጀመርከው።»

ሸሪኩ ዓይኑን አልገለጠም። አገጩን ቀና አድርጎ ጉሮሮውን ሰጠው። ከጨፈነው ዓይኑ ጥግ አንድ ዘለላ እንባ ወርዶ አረፋው ውስጥ ገባ።

ፀጉር አስተካካዩ ግራ እጁን ከቀኙ ሥር ደግፎ ቀጠለ። ቆዳው እንደ ወረቀት ሳስቷል። ከአገጩ በታች ያለችውን ትንሽ የቆዳ ጉብታ ሳያያት ዞራት፤ ጣቶቹ ቦታዋን አልረሱም። መንቀጥቀጡ አልተወውም። አንድ ቦታ ቆረጠውና በጥጥ ተጭኖ ደሙ እስኪቆም ያዘለት። ልቡ አሁንም አልቀለለም። እንደዚያ ተጭኖ ሲይዝ ግን ሸሪኩን እንዳያመው ራሱ እየሰጋ መሆኑን ድንገት ታዘበ።

ሲጨርስ ሸሪኩ ፊቱን በመዳፉ ዳሰሰ። «ከጆሮዬ ሥር ትተሃል።»

«አልተውኩም።»

«ትተሃል።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ትቷል። ላጨለት።

ይቅርታ የሚል ቃል ከሁለቱም አልወጣም። ወደ ቤቱ ሲሄድ ይህ አብከነከነው፤ እንዲያውም እልሁ መንገድ ላይ ተመልሶ መጣበት። በቀዶ ጥገናው ቀን ማለዳ ግን ማንም ሳይጠራው ሆስፒታል ሄደ። ሴትየዋን ኮሪደር ላይ ብቻዋን አገኛትና አጠገቧ ተቀመጠ። ሲጨንቀው ተነሥቶ ይንጎራደዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

«ሱቅህስ?» አለችው።

«ይቆይ።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ «ደህና ወጥቷል፣ ገና መንቃቱ ነው» ሲላቸው ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ፀጉር አስተካካዩ «ተመስገን» ለማለት አፉን ከፈተና ድምፁ ተሰበረበት። ከማለዳ ጀምሮ በልቡ ለዚያ ሰው ሲለምን መዋሉን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።