የአሻግሬ ምላስ

በአምቦ ከተማ ውስኪ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ አቶ አሻግሬን ይጠይቃል። ለሠርግ ይሁን ለአለቃ ስጦታ ወይም ለሽማግሌ መላኪያ፣ «አሻግሬ ምን አለ?» ሳይባል ጠርሙስ ከመደርደሪያ አይወርድም። በአንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ነው፤ በከተማው የታወቀው ግን በሥራው ሳይሆን በምላሱ ነው። ሰው በሌላው ምላስ ተማምኖ የሚገዛበት ከተማ ለዚያ ምላስ ባለቤት ትልቅ ወንበር ይሰጣል። በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ መነሣት ይከብደዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወይዘሮ ዘርፈሽ ግሮሰሪ ጓዳ አራት ሰዎች ይገናኛሉ፤ አሻግሬ፣ የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ነገራ፣ ከመቀሌ መጥታ በዩኒቨርሲቲው የምታስተምረው ሰምሃል፣ የእርሷም የሥራ ባልደረባ ወጣቱ ፍሮምሳ። ለስካር አይጠጡም፤ ጥቂት ጥቂት እየቀመሱ ይከራከራሉ፤ የትኛው እንደሚሻልና የትኛው ለማን እንደሚመከር ይፈርዳሉ።

የአሻግሬ ሕግ አንድ ነበር፤ ውስኪ ያለ አምቦ ውሃ አይመዘንም። የተቀዳው ሁሉ ከከተማዋ ምንጭ በወጣው ጋዛም ውሃ ተቀላቅሎ እየፈላ ይቀርብለታል።

«ስኮትላንዶች ደረቁን የሚጠጡት ወድደው አይደለም፤ አምቦ ስላልተወለዱ ነው» ይላል።

በዚያ ቅዳሜ ክርክሩ የተጀመረው እንደ ወትሮው በነገራ ነበር።

«እኔ ለጢሳሙ ነው የምሞተው» አለ። «በቀመስሁት ቁጥር የእናቴ የወተት ዕቃ ትዝ ይለኛል። በወይራ የታጠነው።»

«የእናትህ ወተት በበርሜል ዐሥራ ሁለት ዓመት አልተኛም» አለችው ሰምሃል። «ለጀማሪ የምመክረው የአየርላንዱን ነው። ለስላሳ ነው፤ ጉሮሮም አይገርፍም።»

«የአሜሪካውስ?» ሲል ፍሮምሳ ጠየቀ።

«እርሱ የበቆሎ ነው፤ ኬክ አርስበት!» አለ አሻግሬ፤ ሁሉም ሣቁ።

ሣቁ ሳይበርድ ወይዘሮ ዘርፈሽ አንድ ካርቶን ይዛ ገባች። ውስጡ የነበረው ሁሉም የሚያውቁት ቀይ አጋዘን የተባለው ጢሳም ውስኪ ነው።

«ጋሼ፣ አዲስ አቅራቢ ነው ያመጣው። ሰውየውን አላውቀውም። እርስዎ ካላሉኝ አልረከበውም።»

ፍሮምሳ ተቁነጠነጠ። በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ጎጆ ወደምትባለው የደጋ ከተማ ሊወጡለት ነው፤ ለንሳን ከአባቷ ከኦቦ ዋቆ ሊለምኑለት። አሻግሬ ራሱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ለዚያ ቤት የሚሄደው ጠርሙስ ቀይ አጋዘን እንዲሆን የመከረውም እርሱ ነበር።

አንዱ ተከፈተ። አሻግሬ ውሃውን ጨመረበት፤ አረፋው እስኪወርድ ጠበቀ፤ ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«እርሱ ነው። ተረከቢው።»

ሰምሃል ብርጭቆዋን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆየች። «ጋሽ አሻግሬ፣ ጢሱ አልመጣልኝም። እስቲ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረቁን ይቅመሱት።»

«የያዘሽ ጉንፋን ነው፤ ውስኪው ምን ያድርግሽ?»

«ጉንፋን የለብኝም።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ወንበሬ ላይ ተቀመጪ!»

ነገራ ከሁሉ ይልቅ ሣቀ። ሰምሃል ብርጭቆዋን ሳትጨርስ አስቀመጠች። ፍሮምሳ ሁለት ጠርሙስ፣ ነገራም ለቤቱ አንድ ወሰዱ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች በአቶ አሰፋ መኪና የጎጆን ኮረኮንች ወጡ። ሹፌሩም ሦስተኛው ሽማግሌም አቶ አሰፋ ራሱ ነው፤ ዋናው ሽማግሌ ኦቦ ሮባ ከፊት፣ አሻግሬ ጠርሙሶቹን በጋቢ ጠቅልሎ ከኋላ ተቀምጠዋል። አሻግሬ ራሱን ይወቅረው ነበር፤ የመንገዱ ነው አለ።

የኦቦ ዋቆ ቤት ከገብስ ማሳ ዳር ያለ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነው። ባለቤቱ በራፍ ላይ ተቀበላቸው።

«አካም ጅርቱ? ግቡ፣ ግቡ፤ ብርዱ አይምታችሁ!»

ጠርሙሶቹ በእንግዳና በባለቤት መካከል ባለው ጠረጴዛ ላይ ቆሙ። በዚያ ቤት ልማዱ እንዲህ ነው፤ ነገሩ እስኪያልቅ መጠጡ አይነካም። አባት ልጁን ከሰጠ ማኅተሙን በገዛ እጁ ይቀድዳል፤ ቀድቶም አስቀድሞ ራሱ ይጠጣል፤ ቀጥሎ ታላቅ ወንድሙ፤ ከዚያ እንግዶቹ። ካልሰጠ ጠርሙሱ እንደ ታሸገ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይመለሳል። በጎጆ ብርድ ደግሞ መጠጥን በውሃ የሚያቀጥን ሰው የለም።

ኦቦ ሮባ ንግግሩን በኦሮምኛ ከፈተ፤ ለአቶ አሰፋ ሲባል ወደ አማርኛ ይመለስ ነበር። ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጠባዩ ተናገረ። ኦቦ ዋቆ ይጠይቃል፤ ሮባ ይመልሳል። የባለቤቱ ታላቅ ወንድም፣ ጥርስ ያለቀባቸው ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ከጠርሙሱ አልነቀሉም።

በዚህ መካከል የአሻግሬ ስልክ በኪሱ ውስጥ ነዘረ፤ ቆመ፤ ደግሞ ነዘረ። ይቅርታ ጠይቆ ወጣና ከገብሱ ክምር አጠገብ ቆመ።

«ጋሽ አሻግሬ!» የሰምሃል ድምፅ ይቆራረጣል። «ነገራ ዓይኑ … ሆስፒታል ነን። ነጭ በነጭ ሆነብኝ ይላል። ሐኪሙ ከጠጣው ነው … ውስኪ አይደለም፤ መርዝ ነው ይላል። ለዘርፈሽ ነግሬያታለሁ፤ ካርቶኑን አንሥታለች። ከፈቱት?»

«አልተከፈተም።»

«አይክፈቱት! ይሰሙኛል? አሁኑኑ ይንገሯቸው! እርስዎስ ደኅና …» መስመሩ ተቋረጠ።

አሻግሬ ስልኩን ይዞ ቆመ። ከክምሩ እስከ በራፉ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የሚናገረውም ቃል አጭር ነበር። ነገር ግን በእግሩ ፈንታ ሐሳቡ ሄደ። «በአምቦ ሁሉ የታመነው ሰው ለሙሽሪት ቤት መርዝ ይዞ መጣ» ሲባል ሰማው። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ታየው። ለፍሮምሳ እንደሚያዝን ለራሱ ነገረ፤ ያዘነው ግን ለስሙ ነበር።

ሲገባ ኦቦ ሮባ እጁን ወደ ጠርሙሶቹ ዘርግቶ ነበር።

«ይህን የመረጠው አሻግሬ ነው። በእኛ አገር እርሱ ያለው መጠጥ አይጠረጠርም።»

«ገለቶማ» ብሎ አመሰገነ ኦቦ ዋቆ። «እኔ መጠጥ አላውቅም፤ ሰው ግን አውቃለሁ። ልጁን ጠይቄያለሁ፤ አጥንቱንም ጠባዩንም ጠይቄያለሁ። ነቀፋ አላገኘሁበትም።»

ከጓዳ የሴቶች ሹክሹክታ ተሰማ፤ ለንሳም ከእነርሱ ጋር ነበረች። ኦቦ ዋቆ ከወንበሩ ጫፍ ደረሰ፤ እጁ ወደ ቅርበኛው ጠርሙስ ሄደ።

አሻግሬ ጋቢውን የሚያስተካክል መስሎ ክንዱን ወረወረ። ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ተገፍቶ በሲሚንቶው ወለል ላይ ተከሰከሰ።

«እሰይ!» አሉ ታላቅ ወንድሙ። «ምድርም ድርሻዋን ወሰደች!»

«አሻግሬ፣ ሳትጠጣ ሰከርህ?» አለ አቶ አሰፋ፤ ሁሉም ሣቁ።

አሻግሬ አልሣቀም። ከወለሉ የሚነሣው ሽታ ደርሶት ነበር። ውሃ አልነካውም፤ አረፋ አልሸፈነውም። ብቅል የለውም፤ ጢስ የለውም፤ ጠቅላላው የቀለም ማቅጠኛ ሽታ ነው። በስንት ዘመን አንድ ጊዜ ደረቁን ያሸተተ አፍንጫው ትናንት ምላሱ የፈረደውን ፍርድ በአንድ ትንፋሽ ሻረው። ራሱን ይወቅር የነበረው መንገዱ እንዳልሆነም ያን ጊዜ ተረዳ።

«አይክፋዎት» አለ ኦቦ ዋቆ። «ጥንድ አድርጎ የሚያመጣ ብልህ ነው።» ሁለተኛውን ጠርሙስ አነሣ፤ ማኅተሙን ቀደደው።

ከጓዳው እልልታ ፈነዳ።

ያ ጠርሙስ ከክንዱ ርቆ በባለቤቱ እጅ ነበረ። ኦቦ ዋቆ ቀዳ፤ ብርጭቆውን እስከ አፉ ጢም አድርጎ ቀዳ። ቆመ። እንደ ወጉ መረቀ፤ ታላቅ ወንድሙና ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ። የአሻግሬ አፍ ግን አልተላቀቀም። ብርጭቆው ከፍ አለ። ታላቅ ወንድሙ ተራቸው እንዲደርስ ከወዲሁ የራሳቸውን ብርጭቆ ዘረጉ።

«ኦቦ ዋቆ፣ አይጠጡት!»

ብርጭቆው ከከንፈሩ አጠገብ ቆመ።

«ምን አልህ?» አለ ኦቦ ሮባ።

«አይጠጡት። ውስኪ አይደለም። ከዚሁ ካርቶን የወጣውን የጠጣ ጓደኛዬ ዓይኑ ጠፍቶ ሆስፒታል ተኝቷል።»

እልልታው በጓዳ ተቆረጠ። ኦቦ ዋቆ ብርጭቆውን ዝቅ አደረገ፤ አላስቀመጠውም።

«መርዝ ነው የሚሉኝ?»

«ነው።»

«የመረጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ቅድም፤ ስልኩን ሳነሣ።»

ኦቦ ዋቆ በወለሉ ላይ የተበተነውን ስብርባሪ ተመለከተ፤ ቀስ ብሎም ዓይኑን ወደ አሻግሬ መለሰ። ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» አላለውም።

«እንግዲያው ያንን የሰበርኸው ዐውቀህ ነው።»

«ዐውቄ ነው።»

«አፍ እያለህ ለምን በክንድህ ተናገርህ?»

አሻግሬ መልስ ፈለገ። ብዙ መልስ ነበረ፤ ሁሉም በፍሮምሳ ስም የሚጀምር ነበር። አንዱንም አላነሣም።

«አፍሬ ነው» አለ።

ኦቦ ዋቆ ብርጭቆውን ይዞ ወጣ። ከደጅ መሬት ሲቆፈር ተሰማ፤ በኋላም ተመልሶ የቀረውን ጠርሙስ ወሰደ፤ ደግሞ ተቆፈረ። አቶ አሰፋ ጫማውን ያያል። ኦቦ ሮባ በትሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ለሌላ ሰው የመጣ ሐዘን ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ታላቅ ወንድሙ ባዶ ብርጭቆአቸውን ገልብጠው በጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ኦቦ ዋቆ እጁን ታጥቦ ገባና ቆሞ ተናገረ።

«ማኅተሙን በእጄ ቀድጃለሁ፤ ሴቶቹም እልል ብለዋል። ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ቃሌ በጠርሙስ ውስጥ ባለው ነገር አይለወጥም። ኦቦ ሮባ፣ ለልጁ ይህን ንገረው።» ወደ አሻግሬ ዞረ። «አንተ ግን የልጄ ሽማግሌ አይደለህም። ነገ ባልና ሚስት ቢጣሉ የሚጠራው ዛሬ በዚህ የተቀመጠ ሰው ነው። አንተን አልጠራህም። ከፊቴ የእሳት ጉድጓድ አይተህ፣ መጀመሪያ የራስህን ነጠላ ሰበሰብህ።»

«ቢሆንም ነግሮሃል እኮ» አለ ኦቦ ሮባ በዝግታ። «በመጨረሻ አፉን ከፍቷል።»

«ነግሮኛል። ስለዚህ ነው በዱላ ያልሸኘሁት።»

አሻግሬ ተነሣና ጋቢውን ሳይደርብ ወደ መኪናው ሄደ። ሌሎቹ ምሳ እስኪበሉ በዚያ ተቀምጦ ጠበቀ።

በመልሱ መንገድ ኦቦ ሮባ ከአንድ ቃል በቀር አልተናገረም። ጊንጪን ሲያልፉ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «በሰው ፊት ያመሰገንሁህን አመሰገንሁ፤ አልመልሰውም፤ አልደግመውምም» አለ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርዱት ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። አሻግሬ መጀመሪያ ራሱ ተመረመረ፤ የቀመሰው ጥቂት ቢሆንም ደም ተወስዶለት እንዲቆይ ታዘዘ። ከዚያ የነገራን ክፍል ጠየቀ።

ሰምሃል ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ስታየው ተነሣችና ወንበሯን ለቀቀችለት። «ወንበሬ ላይ ተቀመጪ» ያላት ትዝ ብሎት አልተቀመጠም።

ነገራ ጉሉኮስ በክንዱ ገብቶ፣ ዓይኖቹን ገልጦ ተኝቷል።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አሻግሬ? ጎጆ … ጠጡት?»

«አልጠጡም።»

ነገራ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «ተመስገን። ሰምሃል ስትደውል ሰምቼ ነበር። ይህ ሰውዬ ካወቀ ወዲያው ይነግራቸዋል፣ በመጠጥ ነገር የሚዋሽ ሰው አይደለም አልኋት። ወዲያው ነገርሃቸው አይደል?»

ሐኪሙ ስለ ዓይኑ ገና ምንም እርግጥ አልተናገረም፤ ነገራ ግን በዚያ ሰዓት ፊት አይለይም። በአሻግሬ ፊት ላይ የተጻፈውን ማንበብ የምትችለው ሰምሃል ብቻ ነበረች፤ እርሷም ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። «አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ለበሽተኛም መጽናኛ በሆነ ነበር።

«ወዲያው አልነገርኋቸውም» አለ አሻግሬ። «መጀመሪያ አንዱን ጠርሙስ በክንዴ ሰበርሁት፤ በስሕተት የተሰበረ እንዲመስል። ሁለተኛውን ሊጠጡት አፋቸው ካደረሱት በኋላ ነው የተናገርሁት።»

ነገራ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ፤ ዓይኖቹ ግን አሻግሬን አላገኙትም፤ ከትከሻው በላይ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ ቀሩ።