የአምስት ቀን መንገድ በአርባ ደቂቃ

ከላስታ ተካስሰው ደሴ ከወረዱት ስንቶቹ ችሎት ሳይደርሱ እንደታረቁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ። በእኛ አገር ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ነው የሚጓዙት። የመጀመሪያውን ቀን ተኮራርፈው ይውላሉ። ለብቻ መብላት ነውር ነውና በማግስቱ ስንቅ ይካፈላሉ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሲያነክስ ሌላው ሸክሙን ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ ዳኛው ምን ይሠራል?

ስለዚህ ወንድሜ ጋሻዬ በእናታችን ቤት የተነሳ ሲከሰኝ አልደነገጥኩም። ቤቱን የምለቅ ሴት አይደለሁም፤ ከእናቴ የቀረኝን ወንድምም አልለቅም። ደሴ በእግር አምስት ቀን ነው፤ አምስት ቀን ካገኘሁት ደግሞ ማን ይችለኛል!

ጉድ ነው፣ ሰውዬው በሬውን ሸጦ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠ። በንዴት ጦፌ ቲኬት ቆራጩ አቶ ታፈረ ዘንድ ሄድኩ።

"ከእኛ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻው ሜዳ ስንት ሰዓት ነው?"

"ምን ሰዓት አለው እቴ፣ አርባ ደቂቃ ነው። አውሮፕላን እንደኛ ቁልቁለት ወርዶ ዳገት አይወጣ።"

አርባ ደቂቃ ለኩርፊያ እንኳ አይበቃም። ጊደሬን ሸጥኩና ከጎኑ ያለውን ወንበር ያዝኩ።

ሜዳው ላይ ሚሊሻው የገበሬ ማኅበሩን የይለፍ ወረቀት አይቶ ስንቄን ፈተሸ። "እትዬ ይማርሽ፣ ለአርባ ደቂቃ ይህ ሁሉ በሶ?" አለኝ።

"ወንድሜ ሆዳም ነው" አልኩት። ጋሻዬ ሰምቶ ፊቱን አዞረ።

ተነሳን። ሞተሩ ስለሚያደነቁር እየጮኽኩ ነበር የማወራው። ቤቱን አላነሳሁም። እናታችን ስታጣጥር አንድ ላይ ደግፈን እንደያዝናት፣ ልጅ ሆኖ ኩፍኝ ሲይዘው ማን እንዳዘለው፣ ሁሉንም አወረድኩበት። እሱ በመስኮት ያያል። መሬቱ ሲቀርብ፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።

"ጋሻዬ፣ ነገ ዳኛ ፊት ቆመን ባላጋራ ልንባባል ነው?" አልኩት።

ጎማው መሬት ነካ።

ወርደን ሰው ሁሉ ሲበተን እሱ ቆሞ ቀረ።

"በሬዬን ለምን የሸጥኩ ይመስልሻል?" አለኝ።

"ለጥጋብ።"

"በእግር ብንመጣ ገና ጋሸና ሳንደርስ እንደምታሸንፊኝ ስለማውቅ ነው። አንቺን ሽሽት ነው።"

እንባዬ መጣ፤ ሳቄም አብሮ መጣ። "ታዲያ አመለጥክ?"

"ምኑን አመለጥኩት፣ ጎኔ ተቀምጠሽ" አለ፤ እሱም ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

ከሳሽ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። በማግስቱ ዳኛው ስማችንን ሲያስጠራ እኛ ኩታበርን አልፈን በእግራችን ወደ ላስታ እየወጣን ነበር። ስለ ቤቱ ገና አልተስማማንም፤ እየተጨቃጨቅን ነው የምንሄደው። መንገዱ ግን ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር።