ነክሷል የተባለው ሞተር

ፊውዝ ያሉት ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በመሆኑ ስሙ ከሙያው የመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ እነሱ ሲቆጣ አላዩትም። ሽቦ በላስቲክ ጠቅልሎ የሚያልፍ ሠራተኛ ያናድደዋል፣ ዋጋ የሚያንር ሻጭ ያናድደዋል፣ ዝናብ ከመጣም ደመናውን ቀና ብሎ ይገላምጠዋል። በዚህ ዓለም ላይ ሳይቆጣ የሚያነሳት አንዲት ነገር ብትኖር ያቺ ባለሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች።

ገና ሙያ ሲለምድ ባለንብረቷ፣ የሰፈሩ ፋርማሲስት፣ በጋራዡ በር እየነዷት ሲያልፉ የያዘውን መፍቻ ጥሎ ይወጣ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መኪናዋ ከመንገድ ጠፋች። ሞተሯ ነክሷል ተባለ፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ አልዞርም ብሏል፣ መለዋወጫውም አይገኝም። ፋርማሲስቱ ግቢያቸው ጥግ ካለው መጋዘን አስገቧትና ቆለፉባት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መካኒክ እንኳ ደጃፏን አልረገጠም።

ፋርማሲስቱ ባረፉ በዓመቱ ባለቤታቸው መኪናዋን ሊሸጡ ነው ሲባል ፊውዝ ጊዜ አላጠፋም። የሚነዳትን ፒካፕ ሸጦ መጣ። ባለቤትየዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱ፣ የሚናገሩትን መዝነው የሚናገሩ ሴት።

«ሞተሯ የነከሰ እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?» አሉት። «በኋላ እንዳትወቅሰኝ።»

«እትዬ፣ ሞተር ባይኖራትም እየገፋሁ እወስዳታለሁ።»

ፍሬኗ ስለተጣበቀ ከግቢው ማውጣት አልተቻለም። እስክትንቀሳቀስ ድረስ እዚያው መጋዘን ውስጥ እንዲሠራባት ተስማሙ።

የመጀመሪያው ቀን ለፊውዝ የደስታ ቀን ነበር። ፋርማሲስቱ መኪናዋን ያስቀመጡት ሰው ሕፃን እንደሚያስተኛ አድርገው ነው። አራት ማቆሚያ ላይ ተሰቅላለች፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ቤንዚን አልቀረም፤ ባትሪው ወጥቷል። ሁሉም ነገር ላይ ደግሞ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ትንሽ ነጭ ወረቀት አለ። «የበር ብሎን፣ ስምንት ፍሬ።» «የፍሬን ዘይት፤ የተከፈተበት ቀን።» ጽሕፈቱ ልቅም ያለ ነው፣ ቀኑ አይቀርም።

«ስኳሩ ላይ ሳይቀር ይለጥፍ ነበር» አሉ አዋላጇ ከበሩ ላይ ቆመው። «እኔም ላይ ሳይለጥፍብኝ የቀረው አንድ ቦታ ስለማልቀመጥለት ነው።»

«እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል!» አለ ፊውዝ። «እኔ ጋ የሚመጣው ሁሉ መኪናውን እንደ ቆሻሻ ገንዳ ነው የሚይዘው። እሳቸው ግን ጨዋ ነበሩ፣ እትዬ። ነፍሳቸውን ይማር።»

በአራተኛው ቀን ካንዴላዎቹን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን፣ ፈታ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ በእጅ ባትሪ ቢያበራ ዝገት የለም፤ ዘይት ተንቆርቁሮባቸው ያብለጨልጫሉ። ይሄ ትንሽ ገረመው። የሞተ ሞተር ላይ ዘይት የሚያፈስ ማን ነው? መፍቻውን ከፊት ካለው ትልቅ ብሎን ላይ አስገባና ሊታገል እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ። መታገል አላስፈለገውም። ሞተሩ ዞረ፤ በለስላሳው፣ ያለምንም ልመና ዞረ።

ፊውዝ መፍቻውን ለቀቀና ፊቱን ጠረገ። እንደገና አዞረው። ከዚያ እሳት ለካንዴላዎቹ የሚከፋፈልበትን ጥቁር ክዳን ከፈተ። መሐል ላይ መቀመጥ ያለባት አውራ ጣት የምታህል ዕቃ፣ ሮተር የሚሏት፣ የለችም። ያለ እሷ መኪና አይነሳም። እሷ ደግሞ ተሰብራ የምትወድቅ፣ ተበልታ የምታልቅ ዕቃ አይደለችም። በእጅ ይዞ ወደ ላይ የሚነቅላት ሰው ያስፈልጋል።

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ። አዋላጇ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ መጡ። «ይሄ ሞተር ነክሷል ያለዎት ማነው?»

«እሱ ራሱ ነዋ።»

«አልነከሰም። ነክሶም አያውቅም። አንዲት ዕቃ ተነቅላለች፣ ይቺን የምታህል። ሌባ እንዳይነዳ ሲፈልጉ ነቅለው ኪስ የሚከቷት ናት።»

አዋላጇ ጣቱ የጠቆመበትን ባዶ ቦታ ረጋ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ቆዩ። ፊውዝ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ሲመለሱ እጃቸው ላይ ቡናማ ብልቃጥ ነበር።

«መርዝ መርዙን የሚቆልፍበት ሣጥን አለ» አሉ። «ከሞተም በኋላ አልከፈትኩትም ነበር። ይቺ ናት?»

ሮተሯ ብልቃጡ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ብልቃጡ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ያ ሰው ያለ ወረቀት ምንም ነገር ማስቀመጥ አይችልም ነበር፤ ክፋቱን እንኳ። አዋላጇ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡት።

«የመኪና ሮተር። አንድ ፍሬ። የተነቀለበት ቀን...» ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አነበቡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከባለቤቴ እጅ ይራቅ።»

ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አድርገው ቀኑን ደግመው አዩት።

«መንጃ ፈቃዴን ባወጣሁ ማግስት ነው» አሉ አዋላጇ። «በመጀመሪያው ፈተና ነበር ያለፍኩት። ማታ ራት ላይ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ሳመኝ። በማግስቱ ሊነዳ ገብቶ ተመለሰና፣ ሞተሩ ነከሰ፣ ዕድላችን ነው አለኝ። አዘንኩለት! ይሄን ያህል የሚወዳት መኪና ብዬ አቅፌ አጽናንቼዋለሁ እኮ! ለሞተሩ መግዣ ብዬ ከደመወዜ አጠራቅሜለታለሁ፤ ተይው፣ ጤና ይስጥሽ ይለኛል። ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በዝናብ፣ በፀሐይ፣ ሰው ምጥ ይዟት እየተጠራሁ ስሮጥ... ቁልፉን የያዘው ሰው መስኮት ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልብልኝ ነበር።»

ፊውዝ ፊቱ ደም መሰለ። እስከዚያች ደቂቃ «እሳቸው» ሲለው የነበረውን ሰው «እሱ» አለው።

«እሱ ሰው ነው? አይንዱ ቢልዎት ምን ነበረበት? አፍ አልነበረውም? ተጣሉ፣ ተከራከሩ፣ ያባት ነው! ፈገግ እያለ፣ ዘይት እያጠጣ፣ በጥጥ እየጠቀለለ! እኔ ደግሞ ጨዋ ነበሩ ስል... ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

በቁጣ መፍቻውን ግድግዳ ላይ ወረወረው። መፍቻው ግን ምን አጠፋ? ሄዶ አነሳው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሲሠራ ሰነበተ። ፍሬኑን ፈታ፣ የቤንዚን ቱቦዎቹን ለወጠ፣ አራት ጎማ አስገባ፤ ቀዩን ቀለም እስኪያበራ በእጁ ወለወለው። አዋላጇ ከሰዓት በኋላ ወንበር ይዘው እየመጡ አጠገቡ ይቀመጣሉ። መኪናዋን መልስልኝ አላሉም፣ ገንዘብህን ውሰድ አላሉም። ሽያጭ ሽያጭ ነው። ፊውዝም አላነሳውም። ፒካፑን ሸጦባታል፤ ዕድሜውን ሙሉ ተመኝቷታል፤ የሰውዬው ኃጢአት ለሱ ምን ዕዳው ነው? እንዲህ እያለ ራሱን ያሳምናል፣ ቤቱ ሲደርስ ግን በዝናብ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሴት ትዝ ይሉታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሮተሯን ከቦታዋ መለሰና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰች። በሦስተኛው ተነሳች፤ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። አዋላጇ ጎረቤት እስኪሰማ እልል አሉ፣ ወዲያው ደግሞ እንባቸው መጣ። እየጠረጉ ወደ መሪው በኩል ዞሩ።

«ያንተ ናት። ከመውሰድህ በፊት ግን አንዴ ልንዳት።»

ፊውዝ ወርዶ ቦታ ለቀቀላቸው። ሰው በሯን በቆሻሻ እጅ ሲነካ የሚጮኸው ፊውዝ አጠገባቸው ተቀመጠና እጆቹን ጭኑ መሐል ጨበጠ። አዋላጇ የፍሪሲዮኑን ፔዳል በአንዴ ለቀቁት። መኪናዋ ዘላ ወጣች። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ የበሩ ብረት የግራውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መከለያ፣ ከዳር እስከ ዳር ፋቀው። የተፋቀው ቀለም ለፊውዝ ጥርሱ ድረስ ተሰማው። እጆቹን ከጭኑ መሐል አላወጣም።

በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያለቀሰ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አዋላጇ አንገታቸውን አቅንተው፣ መሪውን በሁለት እጅ አንቀው፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወረፋ የያዘው ሰው ዞሮ አፈጠጠ።

«እዚህ ነበር የምቆመው» አሉ። «እዚያ ምሰሶ ሥር። ዝናብ ሲሆን ጥጉን ተሻምተን።» እጃቸውን ከመሪው አነሱ። «በል እንግዲህ፣ ተቀበለኝ። ነድቻታለሁ፣ ይበቃኛል።»

«አይበቃዎትም!» ብሎ ፈነዳ ፊውዝ። ወረፋው ሁሉ ሰማው። «ምኑ ነው የሚበቃዎት? ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቁልቁለት? እሱ ነጥቆዎት እኔ ደግሞ ገዝቼ ልውሰድብዎት? ገንዘቤን ሰኞ መጥቼ እወስዳለሁ። መንጃ ፈቃድዎን ያሳድሱ። ፓራፋንጎውን ማንም እንዳይነካው፣ እኔ ነኝ የምሠራው!»

በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ከልማዱ ውጭ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሄዶ ከወረፋው መጨረሻ ቆመ።

አዋላጇ ዞረው አዩት። ከኋላቸው የመጣው አውቶቡስ ጡሩንባ ነፋባቸው። መኪናዋን በዝላይ አስነሱና ጥቂት ሄደው፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ሁለተኛው ማርሽ በየት በኩል ነው?»

«ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡት!» አለ ፊውዝ ከወረፋው መጨረሻ፣ ባለ በሌለ ድምፁ። «ፍሪሲዮን ይርገጡ፣ እትዬ! ይርገጡና ይሂዱ!»