ስምንት ሰሌዳ፣ ስድስት መረብ

ሐሙስ ጠዋት ቶሪካ የዕቃ ቤቱን በር ስትከፍት ማዕበል የሚጋለብባቸው ስምንቱም የሰርፍ ሰሌዳዎች የሉም። አንድ እንኳ! አሸዋው ላይ የቀረው ጀልባ የተጎተተበት ዱካና የካሳቫ ልጣጭ ብቻ ነው። ልጣጩን እንዳየች ገባት፤ ሰው ቤት ገብቶ እየበላ ዕቃ የሚያነሳ ከናቫቱው አፒሳይ በቀር ማን አለ?

ሌባ እንዳትለው ሌባ አይደለም። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያሉት ናቫቶችና የእኛ የዋይቶሎ ሰዎች ታውቩ ነን፤ ጥንት የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ነበርን። ታውቩ ከታውቩ ቤት ያሻውን ያነሳል፣ የፈለገውን ይሳደባል፤ የባለቤቱ ድርሻ መሳቅ ነው። የተቆጣ ግን አለቀለት፣ የተቆጣበት ነገር የዕድሜ ልክ ቅጽል ስሙ ይሆናል! የቶሪካ አጎት በወጣትነታቸው ስለ አንዲት ዶሮ ተቆጥተው፣ በሰማንያ ዓመታቸው ሲቀበሩ ናቫቶች «ደህና ይሁኑ ባለዶሮው» ብለው ነው የሸኟቸው።

ሌላ ቀን ቢሆን ቶሪካም ትስቅ ነበር። ነገ ግን አርብ ነው፤ ከዋና ከተማዋ ከሱቫ የባሕር ጥበቃ ማኅበሯ አካኒሲ ትመጣለች። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፦ ማኅበሩ ሰሌዳና እንግዶች ያመጣል፣ የዋይቶሎ ሴቶች እንግዶቹን ማዕበል መጋለብ ያስተምራሉ፣ ሁለቱ መንደሮች ደግሞ ዓሣ በሚራባበት የኮራል ቋጥኝ ላይ መረብ መጣል ያቆማሉ። ዋይቶሎ አቆመ። ናቫቱ የስምምነቱን መጠጥ ካቫውን ጠጣ፣ አጨበጨበ፣ እሺ አለ፣ በማግስቱ መረቡን ጣለ። አካኒሲ ባለፈው ወር ይህን አይታ፣ «እት ቶሪካ፣ አርብ አንድ መረብ እንኳ ካየሁ የሰርፍ ማስተማሪያ ካምፑ ያበቃለታል» ብላታለች።

ሃያ ዓመት ዓሣ ስታጸዳ የኖረች ሴት፣ በአርባ ሦስት ዓመቷ ገና ውሃ ላይ መቆም ጀምራ! ይህን ከእጇ ሊነጥቋት ነው? ሴቶቿን ጀልባ ላይ ጫነችና ወደ ማዶ ከነፈች።

ናቫቱ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ምርቃት ነበር። ሰሌዳዎቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ገበታ ሆነዋል። የቶሪካ ቀይ ሰሌዳ ላይ የተጠበሰ አሳማ ተንፈራጧል።

«መጣሽ እንዴ? ቁጭ በዪና ብዪ!» አለ አፒሳይ ጣቱን እየላሰ። «ይሄ ጣውላሽ ገና ዛሬ ቁም ነገር ላይ ዋለ። አሳማውን እዪው፤ እንዳንቺ አይወድቅም!»

ድግሱ በሳቅ ፈረሰ። ቶሪካ ሆዷ እያረረ ሳቀች። ተቀምጣም በላች፣ ሁለቴ አስጨመረች፤ ስትናደድ ይርባታል። ለሦስተኛ ጊዜ ልታስጨምር ቀና ስትል ግን አንድ ዛፍ ሥር እንዲደርቁ የተሰጡትን ስድስት መረቦች አየች። የመንደሩ መረብ በሙሉ!

«ሴቶች፣ ተነሱ» አለች አፏን እየጠረገች። «ያንን ሁሉ ጫኑ።»

«ምን... ምን እያደረግሽ ነው?» አፒሳይ ከምንጣፉ ዘለለ።

«ታውቩህ አይደለሁም እንዴ? አማረኝ፣ ወሰድኩ።»

ሁሉም ማኘኩን አቁሞ አፒሳይን ያይ ጀመር። አንድ ሽማግሌማ ቸኩለው «ባለመረ...» ብለው ነበር። አፒሳይ እንደ ታመመ ፍየል እየተንቀጠቀጠ ሳቀ።

ጀልባው ጋ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በይ ስሚኝ፣ ሰሌዳዎቹን ውሰጂ፣ መረቡን መልሺልኝ።»

ቶሪካ ቀይ ሰሌዳዋን አየች። ሰሌዳውን ብትቀበል መረቡ ነገ ኮራሉ ላይ ይጣላል፤ በጉልበት ብታስመልስ ደግሞ ተቆጣች ትባላለች። «ሰሌዳ ማን ጠየቀህ? ብሉበት» አለችና ሞተሩን አስነሳች።

መንገድ ላይ የእህቷ ልጅ ቫሲቲ፣ «እትዬ፣ ነገ በምን ልንጋልብ ነው? በድስት ክዳን?» አለቻት። ቶሪካ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ አለቀሰች።

አርብ ጠዋት አካኒሲ መጣች። ኮራሉን ዳር እስከ ዳር ቃኘች። «አንድም መረብ የለም! እሰይ! በሉ ሰሌዳዎቹን አውጡና አሳዩኝ።»

ቶሪካ ወደ ባዶው ዕቃ ቤት አዘገመች።

ያኔ ከባሕሩ ላይ ጩኸት ተሰማ። ስምንቱ ሰሌዳዎች እየመጡ ነው፤ በየላያቸው የናቫቱ ሴቶች ከነቀሚሳቸው በደረታቸው ተኝተው በእጃቸው ይቀዝፋሉ። ፊት ፊት፣ በቀዩ ሰሌዳ ላይ፣ የአፒሳይ ሚስት ሳላኒዬታ ናት። የአሳማው ስብ አልታጠበም መሰል፣ ለመቆም በሞከረች ቁጥር ተንሸራታ ባሕር ትገባለች፣ ብቅ ስትል ትስቃለች።

«ቶሪካ!» ብላ ጮኸች። «መረብ የለ፣ ዓሣ የለ፣ የማጸዳው የለ! በሠላሳ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታሁ! ነይ አስተምሪኝ!»

ቶሪካ ከነልብሷ ገባችላት። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለራሷም አልታወቃትም።

ከኋላ አፒሳይ በጀልባ እየተከተለ ይጮሃል፦ «አንቺ ሴትዮ! ተመለሺ! ምሳዬን ማን ሊሠራልኝ ነው?»

«ሳቅ እንጂ አፒሳይ!» አለች ቶሪካ።

«አልስቅም! ምሳዬን ነው ያልኩት!»

ሁለቱም መንደር ሰማው። መረቡን እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም፤ አፒሳይንም ከሕፃን እስከ አዋቂ «ባለምሳው» ብሎ ነው የሚጠራው።