ከውሉ የቀረችው ቤት

ወይዘሮ ደብሪቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የወረዳ ሰው ግን አጥብቀው ይፈሩ ነበር። ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ ውስጥ ግቢ ያለው ሁሉ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ ፈቃድ የቆመች አንዲት የጭቃ ቤት የሌለችው ጥቂት ነው። በእሳቸው ጓሮ ባለችው ታናሽ ወንድማቸው ሰርፀ ሰባት ዓመት ኖሮባታል፤ የካህናት ካባም ሰፍቶባታል።

ባንኩ ለቤት ማደሻ ብድር ሲሰጣቸው፣ ቤቱ ኢንሹራንስ ይገባ ዘንድ ግድ አለ። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ነአምን ቅጽ ይዞ መጣና ወደ ጓሮው እያየ፣ «ያቺስ ምንድን ናት?» ሲል ጠየቃቸው። ለደብሪቱ ቅጽ የያዘ ሰው ሁሉ አፍራሽ ነው።

«ማድ ቤት ናት» አሉት።

«ሰው ይኖርባታል? ሥራስ ይሠራባታል?»

«ኧረ ማንም የለባት።»

ነአምን ጻፈ፤ እሳቸው ፈረሙ። ሰርፀን ደግሞ «ከእንግዲህ ግቢው ሁሉ ኢንሹራንስ አለው፣ ስጋት አይግባህ» አሉት። ሲሉት ከልባቸው ነበር። ውሉን አላነበቡትም፤ ማን ያነባል?

የኅዳር መባቻ ለት ሰርፀ ካባ ሲተኩስ መብራት ሄደ። ካውያውን እንደተሰካ ረስቶ፣ ያለቀውን ካባ ይዞ ወደ እንጦጦ ራጉኤል ወጣ። መብራቱ ተመልሶ መጣ። ሰርፀ ከዳገቱ ወርዶ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ በባልዲ ይቀባበላል። የጭቃዋ ቤት ከሁለቱ የስፌት መኪናዎች ጋር ወድማለች፤ እሳቱ ተሻግሮ የዋናውን ቤት የኋላ ጣሪያ በልቶታል።

«አይዞሽ እትዬ፤ ኢንሹራንስ አለን አይደል?» አለ ሰርፀ።

ውሉ ከሣጥን ወጣ። ደብሪቱ መነጽራቸውን አድርገው በመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት። ጥበቃው ለተመዘገበው ዋና ቤት ብቻ ነው። የሙያ ዕቃ አይካተትም። ባለቤቱ በግቢው የሚኖር ሰው ወይም የሚሠራ ሥራ ደብቆ ከተገኘ ደግሞ ውሉ በሙሉ ይፈርሳል፤ ለጣሪያውም ሳንቲም የለም ማለት ነው። ሰርፀ ከጎናቸው ሆኖ ያነባል። የተያያዘውን ቅጽ ገለጠ። «በጓሮ ቤት ነዋሪ፦ የለም» ይላል፤ ከሥሩ የእህቱ ፊርማ አለ።

«የለም» አለ ሰርፀ።

«እንዳያፈርሱብህ ብዬ እኮ ነው።»

«ገብቶኛል።»

ደብሪቱ በሕይወታቸው እንዲያ አፍረው አያውቁም። «ነአምን ሲመጣ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ጣሪያው ይቅር» አሉ። ይቅር ማለት ቀላል ነው። ጡረተኛ ናቸው፤ ያን ጣሪያ መልሰው የሚያቆሙበት ሌላ መንገድ የላቸውም።

በማግስቱ ነአምን መጥቶ ዓመዱን እየረገጠ ፎቶ አነሳ። ደብሪቱ የተቃጠሉትን የስፌት መኪናዎች ቢፈልጉ የሉም፤ ሰርፀ ማለዳ ተነስቶ አውጥቷቸው ኖሯል።

ወደ ዋናው ቤት ሲገቡ፣ «እርስዎ ማን ነዎት?» አለ ነአምን ወደ ሰርፀ ዞሮ።

ደብሪቱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰርፀ ቀደማቸው። «ወንድሟ ነኝ፤ ከአገር ቤት ልጠይቃት መጥቼ ነው። ማድ ቤት ውስጥ ልብሴን ልተኩስ ብዬ ካውያ ረሳሁ።»

«እንደዚያ ነው፣ እማማ?»

እውነቷ ጉሮሯቸው ላይ ደርሳ ነበር። ቀና ሲሉ በጣሪያው ቀዳዳ ሰማዩ ታያቸው።

«እንደዚያ ነው» አሉና የሰጣቸውን ቅጽ ፈረሙ።

ነአምን እንደወጣ ሰርፀ ከእሳት የተረፈ ልብሱን በፌስታል ቋጠረ።

«ወዴት ነው?»

«ሾላ አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጅ አለኝ፤ እሱ ዘንድ አድራለሁ።»

«እኔ ሳለሁ? ሳሎን ትተኛለህ እንጂ።»

«የኢንሹራንሱ ሰዎች ተመልሰው ቢመጡስ እትዬ? ልጠይቅ የመጣ ሰው እስከ መቼ ይቀመጣል?»

በቁጣ አልነበረም ያለው፤ በቁጣ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። ነጠላቸውን ደርበው ታክሲ መያዣው ድረስ ሸኙት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ እንግዳ ሸኝተውት አያውቁም ነበር።